ነጠብጣብን ማደብዘዝና ሰውን ማንጣት፦ የአንድ ርካሽ ብልቃጥ ረጅም ታሪክ

በአዲስ አበባ የመዋቢያ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይገኛል። አንዱ ጠቆር ባለ ትንሽ ብልቃጥ የተሞላ፣ በጠብታ የሚቀዳ፣ «ቫይታሚን ሲ ሴረም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፈሳሽ ነው። ሌላው በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊትን እንደሚያጠራና እንደሚያቀላ ቃል የሚገባ፣ ውስጡ ምን እንዳለ በቅጡ ያልተጻፈበት ክሬም ነው። ገዢዋ የመጣችው ለማዲያቷ ወይም ብጉር ጥሎባት ለሄደው ጥቁር ምልክት ነው። ሁለቱም ዕቃዎች ለዚያ የተሠሩ ይመስሏታል። ሻጩም ብዙ ጊዜ «ሁለቱም ጥሩ ነው፤ ይኼኛው ግን ቶሎ ይሠራል» ብሎ ክሬሙን ወደ እሷ ገፋ ያደርገዋል።

ችግሩ ያለው «ቶሎ ይሠራል» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች መደርደሪያ ይጋሩ እንጂ አንድ አገር፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ዓላማ አልወለዳቸውም። አንዱ የመጣው የመርከበኞችን ሞት ለማስቀረት ከተደረገ ፍለጋ ነው። ሌላው የመጣው የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከደረሰ ጉዳት ነው። የሁለቱን ታሪክ የማያውቅ ሰው በዋጋና በፍጥነት ብቻ ይመርጣል፤ በዚያ ሚዛን ደግሞ የሚያሸንፈው ዘወትር አደገኛው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎሚውና መርከበኞቹ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ረጅም ጉዞ የሚወጣ መርከበኛ ከጠላት መድፍ ይልቅ የሚፈራው አንድ በሽታ ነበር። ለወራት ደረቅ ብስኩትና በጨው የተያዘ ሥጋ ብቻ የበላ ሰው ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ ጥርሱ ይወልቃል፤ ድሮ የዳነ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፤ በመጨረሻም ይሞታል። በሽታው ስከርቪ ይባላል።

በግንቦት 1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም «ሳልስበሪ» በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ 12 ሕሙማን መረጠ። ሁለት ሁለት አድርጎ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለያየ መድኃኒት ሰጠ። አንዱ ጥንድ የፖም ጠጅ ጠጣ። ሌላው በውኃ የተበረዘ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ወሰደ። የቀሩት ኮምጣጤ፣ የባሕር ውኃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ የገባበት ቅመም ደረሳቸው። ስድስተኛው ጥንድ ግን በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ በላ። በስድስት ቀን ውስጥ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ለሥራ ብቁ ሆነ፤ ጓደኛውም ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ አገገመ።

ሊንድ ውጤቱን በ1753 በመጽሐፍ አሳተመ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን የሎሚ ጭማቂን ለመርከበኞቹ በመደበኛነት ማደል የጀመረው በ1795 ነው። ከሙከራው 48 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለመዘግየቱ ብዙ ምክንያት ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ዛሬ ሴረም ለሚገዛ ሰው ጭምር ይጠቅማል። ሊንድ ሎሚውን ለረጅም ጉዞ ማቆየት ፈልጎ ጭማቂውን በሙቀት አወፈረውና በጠርሙስ እንዲያዝ መከረ። በዚህ መንገድ የተዘጋጀው ጭማቂ አብዛኛውን ኃይሉን አጥቶ ስለነበር የሞከሩት ሰዎች «ሎሚ አይሠራም» አሉ።

ተመሳሳይ ስህተት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተደገመ። ባሕር ኃይሉ የሜዲትራኒያንን ትልቁን ቢጫ ሎሚ ትቶ ከካሪቢያን ደሴቶች በሚመጣው ትንሽ አረንጓዴ ሎሚ ተካው። የአረንጓዴው ሎሚ ኃይል በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው፤ በአሠራሩ ሂደት ደግሞ ለአየርና ለመዳብ ቧንቧ ይጋለጥ ነበር። በ1875 ወደ ሰሜን ዋልታ የተላከው የእንግሊዝ ጉዞ ሎሚ ጭማቂ ጭኖ ሄዶም በስከርቪ ተመታ።

ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። ሎሚው ውስጥ ያለው ነገር ሙቀት፣ አየር፣ ብርሃንና መዳብ ሲያገኘው ይሞታል። ስለዚህ ዋናው ችግር ነገሩን ማግኘት ሳይሆን በጠርሙስ ውስጥ ሕያው አድርጎ ማቆየት ነበር። ከ200 ዓመት በላይ አልፎም ይኸው ችግር ትንሿ ብልቃጥ ውስጥ አለ።

ቃሪያ፣ ኖቤል፣ ርካሽ ዱቄት

ሎሚው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጠበቅ ነበረበት። አልበርት ሰንት-ጆርጂ የተባለ የሀንጋሪ ሳይንቲስት በ1928 በካምብሪጅ ሲሠራ ከእንስሳት የአድሬናል ዕጢ አንድ እንግዳ አሲድ ለየ። ማንነቱን ስላላወቀው በቀልድ «አላውቀውም» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። የመጽሔቱ አዘጋጅ አልቀበልም ሲለው «እግዜር ይወቀው» የሚል ሌላ ስም አቀረበ። እሱም ተቀባይነት አላገኘም።

ሰንት-ጆርጂ ወደ አገሩ ተመልሶ ሴገድ በተባለች ከተማ ማስተማር ጀመረ። ሴገድ በበርበሬዋ የታወቀች ከተማ ናት። አንድ ምሽት ባለቤቱ ለራት ያቀረበችለትን ቃሪያ መብላት ስላልፈለገ ወደ ቤተ ሙከራው ይዞት እንደሄደ ራሱ ይናገር ነበር። ቃሪያው ያ አሲድ የሞላበት ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ በግራም ሲለቀም የነበረው ነገር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከኪሎ በላይ ወጣ። በ1937 ሰንት-ጆርጂ በሕክምና፣ የነገሩን ቅርጽ የፈታው እንግሊዛዊው ዋልተር ሃዎርዝ ደግሞ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ነገሩም «አስኮርቢክ አሲድ» ተባለ፤ ትርጉሙ «ስከርቪን የሚከለክል» ማለት ነው። ሕዝብ የሚያውቀው ስሙ ቫይታሚን ሲ ነው።

ለዋጋው ታሪክ ግን ወሳኙ ሰው ሌላ ነው። በ1933 ታዴዎስ ራይክሽታይን ዙሪክ ውስጥ ሆኖ ቫይታሚን ሲን ከተራ ስኳር፣ ከግሉኮስ፣ በባክቴሪያ እገዛ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ሆፍማን-ላ ሮሽ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ዘዴውን ገዝቶ በማግሥቱ ዓመት ለገበያ አቀረበው። በሎሚ ጭነት ሲመጣ የነበረው ነገር ከዚያ ወዲያ በፋብሪካ በቶን መመረት ጀመረ።

ይህ መታወስ ያለበት ነገር ነው። ቫይታሚን ሲ ብርቅ ነገር መሆኑ ካቆመ 90 ዓመት አልፎታል። ዱቄቱ ርካሽ ነው። አንድ ሴረም ውድ ሲሆን የሚከፈለው ለዱቄቱ አይደለም። ለአያያዙ፣ ለጥናቱ፣ ለብልቃጡ፣ ለስሙና ለማስታወቂያው ነው። ስለዚህ «ርካሽ ከሆነ ውሸት ነው» የሚለው አባባል እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም።

ጓንቱ

ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ፣ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የጎማ ጓንት አድርገው የሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞች እጃቸውና ክንዳቸው ላይ ቆዳቸው ነጭ እየሆነ መጣ። ንጣቱ የሚያቆመው ጓንቱ በሚያቆምበት ቦታ ነበር። የመንግሥት ሐኪሞች መጥተው ሲመረምሩ ጎማው ቶሎ እንዳያረጅ የተጨመረበት አንድ የሃይድሮኪኖን ዝርያ የሆነ ኬሚካል አገኙ። ኬሚካሉ ቀለም አምራች የሆኑትን የቆዳ ሕዋሳት ይጎዳ ነበር።

ሃይድሮኪኖን ራሱ ያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። ፎቶግራፍ አንሺዎች ፊልም የሚያጥቡበት ኬሚካል ነው። ከፋብሪካው አደጋ በኋላ ግን ሌላ ዓይን ታየው። ሠራተኞቹን የጎዳው ነገር ለሌሎች የንግድ ሐሳብ ሆነ። በሚቀጥሉት ዓሥርት ዓመታት ሃይድሮኪኖን ያለባቸው የማንጫ ክሬሞች በአሜሪካና በአፍሪካ ገበያ ተስፋፉ። ከእነሱ በፊት ገበያውን ይዘው የነበሩት የሜርኩሪ ክሬሞች ነበሩ። ሜርኩሪ ቀለም እንዳይመረት ያግዳል፤ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ግን ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል።

በ1975 ደግሞ አልበርት ክሊግማን የተባለ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም ሦስት ነገሮችን የቀላቀለ አንድ ቀመር አሳተመ። ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ስቴሮይድ። ቀመሩ በእርግጥ ይሠራል። ስቴሮይዱ ለስለስ ብሎ እስከ ዛሬ ድረስ ሐኪሞች ለከባድ ማዲያት ያዙታል። ክሊግማን ግን በፊላደልፊያ በሚገኘው ሆልምስበርግ እስር ቤት ውስጥ ከ1951 እስከ 1974 ብዙዎቹ ጥቁሮች በሆኑ እስረኞች ላይ ሙከራ ያካሂድ የነበረ ሰው ነው። የቆዳ ሳይንስ ታሪክ የጥቁር ሰውን ቆዳ እንደ መሞከሪያም እንደ ገበያም ሲያይ ኖሯል። ዛሬ ጥቁር ሴት ስለ ፊቷ የምትሰማውን ምክር ሁሉ እንድትጠራጠር መብት የሚሰጣት ይህ ታሪክ ነው።

ሊያነጣ የመጣው ሲያጠቁር

የዚህ ታሪክ መራራው ምዕራፍ የተጻፈው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። በአፓርታይድ ዘመን የቆዳ ቀለም የሰውን መኖሪያ፣ ሥራና ትምህርት ቤት ይወስን ነበር። በዚያ አገር የማንጫ ክሬም መግዛት የውበት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ክሬሙ በከተሞቹ ጥቁር ሠራተኞች ዘንድ በሰፊው ተሸጠ።

በ1975 ፊንድሌይ የተባለ የቆዳ ሐኪምና ባልደረቦቹ አንድ ያልተለመደ ነገር ዘገቡ። ሃይድሮኪኖን ያለበትን ክሬም ለረጅም ጊዜ የተቀቡ ሴቶች ጉንጫቸው ላይ ሰማያዊነት የተቀላቀለበት ጥቁረት ወጣባቸው። ቆዳው ሻከረ፤ እንደ ጥቃቅን እህል የሚቋጥር ነገርም አወጣ። በሽታው ኦክሮኖሲስ ይባላል። ቆዳን ለማንጣት የተገዛው ክሬም ቆዳን አጠቆረ፤ ያውም በቀላሉ በማይለቅ ጥቁረት። የበሽታው አስከፊነት ደግሞ ሴትየዋ ጥቁረቱ ሲጨምር ክሬሙን ማብዛቷ ነው። ሻጩ ተጠቀመ፤ ጉዳቱ ለራሱ ማስታወቂያ ሆነው።

ሐኪሞች ብቻቸውን ያን ገበያ ሊዘጉት አልቻሉም። ጥቁረት ሊታፈርበት አይገባም የሚለው የጥቁር ንቃተ ኅሊና ንቅናቄ ከሐኪሞቹ ጥናት ጋር ተጋጠመ። በ1990 ደቡብ አፍሪካ የማንጫ መዋቢያዎችን የሚከለክል ደንብ አወጣች። ደንቡ ኬሚካሉን ብቻ አልነካም፤ መዋቢያዎች «ያነጣል»፣ «ያቀላል» እያሉ እንዳይሸጡም ከለከለ። ቃሉ ራሱ መርዝ ሊሆን እንደሚችል የተረዳ ሕግ ነበር። የድብቁ ንግድ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ሌላው ዓለም ዘግይቶ ተከተለ። የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮኪኖንን ከማንጫ መዋቢያዎች ውስጥ ያስወጣው በ2001 ነው። አሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ያደረገችው በ2020 ነው። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ገደበ፤ በ2023 ደግሞ አባል አገሮቹ ቀርቶ የነበረውን ቀዳዳ ለመዝጋት ተስማሙ። የሚኒሶታ ግዛት ሜርኩሪን ከመዋቢያ ውስጥ በሕግ ካስወጣች ከ15 ዓመት በላይ ሆኗታል። ሆኖም የግዛቲቱ የጤና ባለሥልጣናት ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦችን ስለ ሜርኩሪ ክሬም ዛሬም ያስጠነቅቃሉ። ክሬሙ በሻንጣ ይጓዛል። ከጉምሩክ ቢያልፍም ከሕፃናት ግን አያልፍም፤ እናት የተቀባችው ሜርኩሪ በእጇ፣ በፎጣዋና በአልጋዋ በኩል ልጇን ይነካል።

ብልቃጧ እንዴት ተሞላች

በዚሁ ዘመን የመጀመሪያው ታሪክ ሳይታወቅ ወደ ቆዳ ተሻገረ። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሼልደን ፒኔል የተባለ የቆዳ ሐኪም ቫይታሚን ሲ ኮላጅንን በማምረት ረገድ ያለውን ሚና ያጠና ነበር። ኮላጅን ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን ነው። የስከርቪ ሕሙማን ድድ የሚላላውና ቁስላቸው የሚከፈተው ኮላጅናቸው ስለሚደክም ነው። መርከበኛውን የገደለው እጦትና የሴቲቱ ጉንጭ በአንድ ክር የተያያዙት እዚህ ላይ ነው።

ፒኔል የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር። ቫይታሚን ሲን በአፍ ብዙ ቢወስዱት ሰውነት ከተወሰነ መጠን በላይ ወደ ቆዳ አያደርሰውም። ታዲያ ከውጭ በኩል ማስገባት ይቻላል? መልሱ ይቻላል ነው፤ በጠባብ በር በኩል። በ2001 እሱና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ሦስት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ ፈሳሹ አሲድነቱ ከፍ ያለ፣ ፒኤቹ ከ3.5 በታች መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ መጠኑ እስከ 20 በመቶ ሲደርስ የሚገባው ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ መጨመር አይጠቅምም። ሦስተኛ፣ ቆዳው አንዴ ከጠገበ በኋላ የያዘው መጠን በግማሽ ለመቀነስ አራት ቀን ያህል ይወስድበታል።

የሊንድ ችግር ግን አሁንም እዚያው ነበር። ነገሩ ብልቃጥ ውስጥ ይሞታል። በ2005 የፒኔል ቡድን ቫይታሚን ኢ እና ፌሩሊክ አሲድ የተባለ ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር ሲጨመርበት ፈሳሹ እንደሚረጋና ቆዳን ከፀሐይ ጨረር የመጠበቅ ኃይሉ በእጥፍ እንደሚጨምር አሳየ። ቀመሩ በባለቤትነት መብት ተጠበቀ። በዚያ ቀመር የተሠራው ታዋቂ ሴረም 30 ሚሊ ሊትሩ ከ150 ዶላር በላይ ሲሸጥ ቆይቷል። ያን ዋጋ አዲስ አበባ ላይ በደመወዝ መክፈል የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ ዋጋው ተሰበረ። በ2016 ቶሮንቶ ላይ የተጀመረው «ዘ ኦርዲነሪ» የንጥረ ነገሩን ስምና መጠኑን በመለያው ላይ በግልጽ እየጻፈ ቫይታሚን ሲን ከ10 ዶላር በታች መሸጥ ጀመረ። የኮሪያና የሌሎች አገሮች አምራቾችም በርካሽ ዋጋ ገቡ። የዱክ ቀመር የባለቤትነት መብትም በ2025 አሜሪካ ውስጥ ጊዜው አበቃ። ዛሬ ርካሹና ውዱ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው።

ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

የቆዳ ቀለም የሚሠራው ታይሮሲኔዝ በተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም እምብርቱ ላይ መዳብ አለው። ቫይታሚን ሲ በመንገድ ላይ ያለውን የቀለም ጥሬ ዕቃ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ የኢንዛይሙንም ሥራ ያለዝባል። ቀለም አምራች ሕዋሱን ግን አይገድለውም። የጓንቱ ኬሚካልና ቫይታሚን ሲ የሚለያዩት በዚህ ነው። አንዱ ፋብሪካውን ያቃጥላል፤ ሌላው ከልክ በላይ የሚሠራውን ማሽን ቀስ ያደርገዋል።

ቀስ ማድረግ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በሜክሲኮ ተካሂዶ በ2004 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ማዲያት ያለባቸውን 16 ሴቶች ለ16 ሳምንት ተከታተለ። እያንዳንዷ በአንድ የፊቷ ጎን 5 በመቶ ቫይታሚን ሲ፣ በሌላው ጎን 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን ተቀባች። በሃይድሮኪኖኑ በኩል 93 በመቶ፣ በቫይታሚኑ በኩል 62.5 በመቶ ጥሩ ለውጥ ታየ። ሃይድሮኪኖን በለጠ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የቆዳ መቆጣት ግን በሃይድሮኪኖኑ በኩል 68.7 በመቶ፣ በቫይታሚኑ በኩል 6.2 በመቶ ነበር። ከ16ቱ 11 ሴቶች በአንዱ ጎን ሲቆጡ በሌላው የተቆጣችው አንዲት ብቻ ናት።

ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆጣ ራሱ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ስለዚህ ነጠብጣቡን ለማጥፋት የተቀባ ኃይለኛ ነገር ሌላ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ሃይድሮኪኖን ሐኪም መርጦ፣ መጠኑንና ጊዜውን ወስኖ፣ እየተከታተለ ሲሰጠው መድኃኒት ነው። ከሱቅ ተገዝቶ ለዓመታት ሲቀባ ግን ደቡብ አፍሪካ ያየችው ነገር ነው። ያለ ማዘዣ ፊት ላይ የሚቀቡ የስቴሮይድ ቅባቶችም እንዲሁ ናቸው። ለጥቂት ሳምንት ፊትን ያሳምራሉ፤ ቆይተው ቆዳውን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሩን ያወጣሉ፣ ሲቆሙም ፊቱ ይቀላል፣ ያሳክካል።

ቫይታሚን ሲም ተአምር አይደለም። ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ሴረም ጠዋት ጠዋት ንጹሕና ደረቅ ፊት ላይ ሦስት አራት ጠብታ ይበቃል። ሲነካ ትንሽ መለብለቡ የአሲድነቱ ነው፤ የሚያቃጥል ከሆነ መጠኑን ዝቅ ማድረግ ወይም በየሁለት ቀኑ መጠቀም ይሻላል። ለውጡ የሚለካው በቀን ሳይሆን በሦስትና በአራት ወር ነው። የፈሳሹ ቀለም ወደ ጥቁር ብርቱካንማ ወይም ቡኒ ከተለወጠ ነገሩ ሞቷል፤ ሊንድ የቀቀለው ሎሚ ሆኗል ማለት ነው። ብልቃጡ ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ፣ ክዳኑ ጠብቆ ይቀመጣል። በፀሐይ ፊት ለፊት መስኮት ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ሴረም በምንም ዋጋ ውድ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለ ፀሐይ መከላከያ ሴረም ብቻውን ቀዳዳ ባልዲ እንደ መሙላት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ለምድር ወገብ ቀርባ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው። ማዲያት ደግሞ በእርግዝናና በወሊድ መቆጣጠሪያ ሆርሞን ቢቀሰቀስም የሚመግበው ብርሃን ነው። መከላከያ ክሬም የሚገዛ ገንዘብ ከሌለ ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ተከናንቦ የሚለበስ ነጠላ ብዙ ይሠራል። ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነም ከሴረሙ መከላከያው ይቀድማል።

ሎሚ ፊት ላይ

«ሴረሙ ከሎሚ ከሆነ ለምን ሎሚውን ራሱን አልቀባም?» የሚል ጥያቄ በየቤቱ አለ። ሎሚ ግማሽ ተቆርጦ ጉንጭ ላይ ሲታሽ በብዙ ቤት የታየ ነገር ነው። ሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ግን ትንሽ ነው፤ አሲዱ ደግሞ ሌላ አሲድ ነው። ዋናው አደጋ ሎሚ፣ በተለይ በየጓሮው የሚበቅለው ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ፣ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች ያሉት መሆኑ ነው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው ይቀላል፣ ሊቋጥርም ይችላል፤ ከዚያም ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ለማዲያት የተቀባው ሎሚ ማዲያት ይጨምራል።

ከሎሚውም በላይ የሚያሳስበው ቃሉ ነው። በአማርኛ ሰው ሲገለጽ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ይባላል። እነዚህ ቃላት ሰውን ለመለየት የወጡ ናቸው፤ ለማበላለጥ መሆን አልነበረባቸውም። ገበያው ግን «ፊቷ ጠራ» የሚለውን «ፊቷ ቀላ» ከሚለው ጋር አንድ አደረገው። ፊት ሊጠራ የሚችለው ጠይም ሆኖ፣ ጥቁር ሆኖ ነው። ነጠብጣቡ የሚደበዝዘው ወደ ራሷ ቀለም እንጂ ወደ ሌላ ሰው ቀለም አይደለም። ቫይታሚን ሲ ማድረግ የሚችለውም ይህንኑ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አይችልም። ድክመቱ የመሰለው ነገር በእርግጥ ጥሩነቱ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ዕቃ ማስታወቂያ አይደለም። መሸጥ ያለበትን ከማይሸጠው የሚለይ ቁጥጥር ያስፈልጋል። ውስጡ ያልተጻፈበት ክሬም ከመደርደሪያ መውረድ አለበት። ፋርማሲስት ስቴሮይድን ለፊት መቀቢያ ያለ ማዘዣ መስጠት ማቆም አለበት። ደቡብ አፍሪካ በ1990 እንዳደረገችው «ያነጣል» የሚለው ቃል ራሱ ለመሸጫነት እንዳይውል ማድረግም ይቻላል። የማይለቅ ጥቁረት የያዘው ሰው ደግሞ ሌላ ክሬም ሳይሞክር የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ያ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ሱቁ ውስጥ የቆመችው ሴት የራሷን ውሳኔ ትወስናለች። በአንድ በኩል «ቶሎ ይሠራል» የተባለ ክሬም አለ፤ ከኋላው ጓንቱ፣ ሜርኩሪውና የደቡብ አፍሪካ ሴቶች ጉንጭ ተሰልፈዋል። በሌላ በኩል ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ዋጋው የማይጎዳ፣ ከሎሚና ከቃሪያ የጀመረ ብልቃጥ አለ። የአገሬው ሰው ለዚህ ምርጫ ድሮውኑ መልስ አስቀምጧል፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቀስ በቀስ ግን እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።